ሁለት ወር የጮኸ ፍሬን

በ2016 ዓ.ም. ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነበር፤ ወይም ሰባ። እናቴ መወለዴን የምትቆጥረው አንበጣ እህሉን ከጨረሰበት ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ወዲህ ወይ ወዲያ ቢሆን ከማንም ጋር አልከራከርም። ሚስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ነቀምት፣ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ከጎጃም ተመድባ ለመጣች ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አከራይቻታለሁ።

ሾፌር ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ጡረታ ሙያን አይወስድም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ነዳሁ። ከደምቢ ዶሎ ቡና አወጣለሁ፣ ጨውና ቆርቆሮ ይዤ እመለሳለሁ። የተወለድኩት ሸዋ ነው፤ ወለጋ ያስቀረችኝ ሚስቴ ናት። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ እስከ ዛሬ ከብዕር ይልቅ መሪ ይቀለዋል። የጻፍኩት ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሰኝ። በመኪና ጉዳይ ግን ማንም እንዲታገሰኝ አልፈልግም ነበር። ድምፅዋን ሰምቼ ሕመሟን እናገራለሁ ባይ ነኝ። ይሄ ኩሽኔታ ነው፣ ይሄ ቀበቶ ነው፣ ይሄ ደግሞ የላላ የማርሚታ ብሎን ነው እላለሁ፤ ተፈትቶ ሲታይም ያው ይሆናል።

አሁን ያለችኝ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። ከልጄ በሁለት ዓመት ብቻ ታንሳለች።

ልጄ አርጆ መምህርት ናት። አግብታ ወልዳለች። እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። ስልክ ላይ ስታወራ ቃሉን አትጨርሰውም፤ ጫፍ ጫፉን ትበላዋለች። «ተማሪዎችሽን እንዲህ ነው የምታስተምሪያቸው?» እላታለሁ። ትስቃለች መሰለኝ። የልጅ ልጄን ስታቀርብልኝማ ጭራሽ አይያዝልኝም። አንድ ነገር ትንጫጫለች፣ «እሺ የእኔ እናት» ብዬ እመልስላታለሁ። ምን እሺ እንዳልኳት አላውቅም።

የጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ እሁድ ግን ልጄ ከፍ አድርጋ ተናገረች፣ በደንብ ሰማኋት።

«አባዬ፣ እዚያ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? መኪናዋን ይሽጧት። ቤቱን ያከራዩትና እኛ ጋ ይምጡ።»

«ቤቴን አልለቅም።»

«መኪናዋ አንድ ቀን ገደል ይዛዎት ብትገባስ?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልገባሁትን ገደል አሁን በጡረታዬ ልገባ ነው?»

እሷም የእኔ ልጅ ናት፣ ግትር ናት። ሌላ ሐሳብ አመጣች። «እሺ፣ ቅዳሜ ይምጡ። ራስዎ ነድተው፣ ብቻዎን። መኪናዋ ደህና ከሆነች፣ እርስዎም ደህና ከሆኑ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ካልሆነ ግን ትሸጣለች፣ እርስዎም እኛ ጋ ይሆናሉ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። የእርስዎስ?»

«የእኔም ቃል ነው» አልኩ።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አርጆ ሩቅ አይደለም። ቁልቁለትና ጥምዝ አለው፣ ግን መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልናገር፣ አለበለዚያ ሰው አንድ ሽማግሌ ለአሮጌ ብረት ምን እንዲህ አጨነቀው ይላል። በሳምንት ሦስት ቀን ከነቀምት ወጣ ብላ ያለች ጉቴ የምትባል ከተማ እሄዳለሁ። ጉቴ ጉዳይ የለኝም። እደርሳለሁ፣ መኪናዋን ጥላ ሥር አቆማለሁ፣ ገበያ ከሆነ ገበያውን አያለሁ፣ ካልሆነ ሰውን አያለሁ፣ ከዚያ አዙሬ እመለሳለሁ። ያ ነው በቃ። ቤት ስቀመጥ ጡረተኛ ነኝ፣ ሚስቱ የሞተችበት ነኝ። መንገድ ላይ ግን ከፊቴ የሚመጣው አይሱዙ መብራት ሲያበራልኝ እኔም አበራለታለሁ፤ ሾፌርና ሾፌር ነን። ልጄ ሽጥ የምትለኝ ይሄን ነው። አርጆ ሄጄ በሰው ሳሎን ጥግ መቀመጥን አስቤው ነበር። ሁለት ቀን እችለዋለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ ለልጄም ያልነገርኳት። ከጳጉሜን ጀምሮ፣ ከጉቴ ስመለስ፣ ጡሩምባ ሳልነካ የግቢው በር ይከፈት ነበር። ከአስፋልቱ ታጥፌ ኮብልስቶኑን ስወርድ ተከራዬ በሩን ወለል አድርጋ ይዛ ቆማ አገኛታለሁ። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሲሆን፣ ይቺ ልጅ ሰዓቴን ትጠብቃለች ማለት ነው አልኩ። አሳዳጊዎቿን አመሰገንኩ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ትንሽ ነገር ትበቃዋለች። ከዚያ ወዲህ ከጉቴ ስመለስ ትንሽ ፈጠን እል ነበር።

እና ሰኞ ዕለት፣ ከልጄ ጋር ቃል በተጋባን ማግስት፣ ከጉቴ ስመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አጉረመረመች። ሰማሁት ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ እውነቱን ከተናገርን ግን መጀመሪያ የሰማው እግሬ ነው። ፔዳሉ ከጫማዬ ሥር ጎረበጠኝ፣ የወፍጮ ድንጋይ የረገጥኩ ይመስል። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው፤ ወፍራም፣ የሚፍቅ ድምፅ። ቀኝ የፊት እግሯ ነው።

ድንጋይ ነው አልኩ። የኮረኮንች መንገድ መኪና ሁሉ አንድ ቀን ያጋጥመዋል፤ ትንሽ ጠጠር ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክና ከኋላው ያለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መሀል ትገባና ትፍቃለች። መድኃኒቷን ድሮ ነው የማውቀው። ማክሰኞ ጠዋት ሜዳ ላይ ወሰድኳትና ወደ ኋላ እየነዳሁ ድንገት ያዝኳት፤ አምስት ጊዜ። ጠጠር ቢሆን ይወድቅ ነበር። አልወደቀም።

ረቡዕ ዕለት ጉቴ ደርሼ ተመለስኩና፣ ግቢ ገብቼ ሞተር ሳላጠፋ ወርጄ አራቱንም እግር በመዳፌ ዳሰስኩ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። ቀኝ ፊተኛው ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ መዳፌን ሳላስጠጋው ነው የሸሸሁት። ፍሬን የተያዘበት እግር ነው እንዲህ የሚሞቀው። ይሄን አውቃለሁ። ግን ሰው ሲገትር የሚያውቀውንም አያውቅም። ኩሽኔታ ነው አልኩ፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት። ኩሽኔታም ሲሞት ያሞቃል፣ ኩሽኔታም ያጉረመርማል። ኩሽኔታ ከሆነ የዕድሜ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ፍሬን ከሆነ ግን የሾፌሩ ነው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት እስኪፋቅ የሚነዳ ሾፌር አይደለም፣ እረኛ ነው እያልኩ ስንቱን ወጣት ሰድቤያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ጉቴ መውጫ ያለው ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ እዚሁ ነቀምት የተወለደ፣ እጁ የረጋ። የጭነት መኪና እነዳ በነበርኩበት ዘመን ከአባቱ ጋር ነበር የምሠራው።

«አካም ቡልተኒ፣ አባ?» አለኝ ከመኪና ሥር ወጥቶ፤ እንደ ወጉ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ» አልኩት፤ ደህና ማለት ነው። «አንተስ? ቤተሰብ?»

«ገለታ ዋቃ፣ ደህና ነን» ብሎ ፈጣሪን አመሰገነ። «ምን ሆነች?»

«ቀኝ ፊተኛው ኩሽኔታ ሞቷል። አውጥተህ ቀይርልኝ፣ ነገ አርጆ መሄድ አለብኝ።»

«ታዲያ ምርመራውን ጨርሰው ነው የመጡት። ለእኔ ምን ቀረኝ?»

«ብሎን መፍታት ቀረህ።»

ሳቀ። አጠገቡ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታም ሳቀ። ግን መካኒኩ ጥያቄውን አልተወም። ሲረግጡ ነው ሳይረግጡ? ሲረግጡ ነው፣ አልኩ። ሲታጠፉስ ይብሳል? አይብስም። ንዝረቱ መሪው ላይ ነው ፔዳሉ ላይ? ፔዳሉ ላይ።

«አባ፣ ኩሽኔታ ፍሬን መረገጡን በምን ያውቃል? እሱ ፍጥነት ሲጨምሩ ነው የሚያለቅሰው፣ ሲታጠፉ ነው ድምፁን የሚቀይረው። እርስዎ የሚነግሩኝ የፍሬን ነው።»

«ኩሽኔታ ነው ብያለሁ።»

«እሺ፣ ኩሽኔታ ይሁን። እንፍታውና እንየው።»

በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን አወጣ፣ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ካሊፐር ፈታ። ሁለቱን ሸራ በመዳፉ ይዞ አሳየኝ። የውጪኛው ገና ግማሹ አለ። የውስጠኛው የለም። ሸራ የሚባል ነገር አልቀረውም፤ ብረቱ ራሱ ዲስኩን ሲፍቅ ነበር። ዲስኩ በውስጥ በኩል በበሬ እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም ሆኗል። መካኒኩ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ጎትቶ አሳየኝ። ላስቲኩ ተቀዶ፣ አቧራና ጭቃ ገብቶ፣ ዝገት በልቷቸው አልንቀሳቀስ ብለዋል። ካሊፐሩ ስለማይንሸራተት አንዱ ሸራ ብቻውን ሲሠራ ኖሮ ብቻውን አለቀ።

«ኩሽኔታው ደህና ነው» አለኝ። ዲስኩን በእጁ አሽከረከረው፤ ለስላሳ ነው።

«መልካም» አልኩ።

ከዚያ ካለቀው ሸራ ጎን አንዲት የተጣመመች ቀጭን ብረት በጣቱ ነካ አደረጋት። «ምላሱም አልቋል። ይቺስ ስትጮህልዎ አልነበረም?»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የዲስክ ሸራ ጎን ላይ እንደ ምላስ ወጣ ያለች ስስ ብረት አለች። ሸራው ሲሳሳ፣ ገና ሳያልቅ፣ ጫፏ ዲስኩን ትነካና ትጮሃለች፤ ቀጭን፣ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ነው። የተሠራችው ለዚያ ነው፤ ሾፌሩ ሰምቶ እንዲቀይር።

«አልጮኸችም» አልኩት።

«ጮኻለች አባ። ጮሃ ጮሃ ነው እንዲህ የሆነችው።»

«እኔ እየነዳኋት አንተ ልትነግረኝ ነው? አልጮኸችም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዲስኩን ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ አስከርክሞ አስተካክሎ ተመለሰ፣ ፒኖቹን አጥቦ ግራሶ ቀባ፣ አዲስ ሸራ አስገብቶ ቀኙን አሰረ። ግራውን ከመፍታቱ በፊት ግን ቆም አለ።

«የግራው ገና አላለቀም። ምላሱ ዲስኩን መንካት የጀመረው አሁን ነው። ድምፁን ላሰማዎት፣ ሁለተኛ እንዳይሸወዱ።»

መኪናዋ ከፊት በብረት ድጋፍ ላይ ናት፣ ሁለቱም የፊት ጎማ ወልቋል። ገብቶ አስነሳት፣ አንደኛ አስገባ፣ ዲስኮቹ በአየር ላይ መዞር ጀመሩ። እኔ በግራ በኩል ዲስኩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሞተሩን እሰማለሁ። አንደኛው ቀበቶ ትንሽ ላላ ማለቱን ሳይቀር እሰማለሁ። ከዚያ መካኒኩ ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ በመስኮት በኩል፣ «ይሄውልዎ» አለኝ።

ጆሮዬን አዘነበልኩ። ሞተር ነው። ሌላ ምንም የለም።

በዚያው ቅጽበት ጋራዡ በር ላይ ሻይ የምትሸጠውን ሴት አየሁ። ሁለቱም እጇ ብርጭቆ ይዞ ስለነበር አንዱን ጆሮዋን በትከሻዋ ደፈነች፣ ፊቷን አጨማደደች። ጎማ ክምር ሥር የተኛው ውሻ ተነሳና ወደ አጥሩ ሄደ። ጎሚስታው ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ኧረ በቃ፣ ጥርሴን አሳከከኝ» አለ። የእሱ ድምፅ ጎርናና ነው፤ እሱን ሰማሁት።

«ይሰማል?» አለኝ መካኒኩ።

«አዎ» አልኩ።

ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ማንም አይጠይቀኝ።

ትንሽ ቆየና፣ «አሁንስ?» አለ።

«አሁንም ይጮሃል» አልኩ።

ሞተሩን አጠፋ። ከመኪናው ወርዶ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጠርጎ ሲያበቃም ጨርቁን አልጣለውም።

«አባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሁን እግሬን ከፍሬኑ ላይ አንስቼ ነበር።»

ሻይ ሻጯ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች። ጎሚስታው በኦሮምኛ፣ «ጃርሲ ህንደጋኡ» አለ፤ ሽማግሌው አይሰማም ማለቱ ነው። ቋንቋውን ከሚስቴ ጋር ዕድሜ ልኬን ስናገረው የኖርኩት ነኝ፣ ያንን ደግሞ ቁልጭ አድርጌ ሰማሁት። መካኒኩ ዞሮ ገላመጠው።

«ተወው፣ እውነቱን ነው» አልኩ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ግራውን ይፈታ ጀመር፤ ለእጁ ሥራ እንዲኖረው እንጂ አላስቸኮለውም ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የተናገረው። «በዚህ በጋራዡ በር ሲያልፉ እሰማ ነበር፤ ከመስቀል በፊት ጀምሮ። ሾፌር ናቸው፣ ያውቁታል፣ ሸራ እያፈላለጉ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ አስቁመህ አትነግረኝም?»

«ለእርስዎ? መኪናዎ ይጮሃል ብዬ? አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይመታኛል።»

እውነቱን ነው። ለሌላ ሰው ይነገራል። ለትልቅ ሰው፣ ያውም ለሾፌር፣ ያውም ለእኔ ዓይነቱ፣ አይነገርም። ያን ጠዋት እንኳ ኩሽኔታ ነው ብዬ አፉን ላስዘጋው የሞከርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ነቀምት እየሰማ፣ ከተማው ሁሉ አክብሮኝ ዝም አለ።

ሚስቴ ብትኖር አንድ ቀን አታሳልፈውም ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ይጮሃል» ትለኛለች። «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» እላታለሁ። በማግስቱ እሷ ሳታይ ጋራዥ ወስጄ አሠራለሁ፤ ልክ ነበርሽ ብዬ ግን አላውቅም። እንግዲህ ስንቱን በእሷ ጆሮ ሰምቼ የራሴ አድርጌው ኖሬያለሁ። ስልክ ሲጮህ ጉልበቴን ነካ ታደርገኝ ነበር። ሰው በር ሲያንኳኳ ትነሳ ነበር። እኔ የምትቀድመኝ ጉልበቷ ጤነኛ ስለሆነ ነው እል ነበር። ከሞተች በኋላ እሷ ትዘምርበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ሁለት እሁድ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ ዜማው አይወጣም፤ ከእሷ ጋር ሞቷል ብዬ መሄዱን ተውኩት። የቤቱም ዝምታ፣ የግቢው ወፍ መጥፋት፣ የልጄ ቃል መጉረስ፣ ሁሉንም በሐዘን ላይ ነበር የምደርበው። ምን ያህሉ የሐዘን፣ ምን ያህሉ የጆሮ እንደነበረ አሁንም መለየት አልችልም።

ከሰዓት በኋላ የመኪናዋ ሥራ አለቀ። እስከ መስቀለኛው ነድቼ ሞከርኳት። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቅቤ ሆኗል፤ ቀኝም ግራም ሳትጎትት ቀጥ ብላ ትቆማለች። መካኒኩን አመሰገንኩት። «ጆሮ ካልነገረዎ በየወሩ ጎማውን አስወልቀው በዓይንዎ ይዩት» አለኝ። ጥሩ ምክር ነው። «እሺ» አልኩት፤ ለእሱ እሺ ስል ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስደርስ፣ ከአስፋልቱ ታጥፌ ኮብልስቶኑን ስወርድ፣ በሩ ዝግ ነበር።

ከፊቱ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ ጡሩምባም አልነካሁም። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። አንድ ባጃጅ በጎኔ አለፈ። የጎረቤት ሴት አንገቷን ነቅንቃ ሰላም አለችኝ። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው በር ላይ ዓይኔን እስክትወጋኝ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ጡሩምባ ነፋሁ።

ተከራዬ ሮጣ መጣች፣ እጇ የልብስ ሳሙና ነው።

«ኧረ አባባ፣ ይቅርታ። ዛሬ እኮ አልሰማሁዎትም።»

መኪናዋን አስገብቼ ወረድኩ። «ምኑን ነበር የምትሰሚው?» አልኳት። አውቄ ነው የጠየቅኋት።

ትንሽ አፈረች። «ፍሬኑን ነዋ። መታጠፊያው ላይ ሲይዙ... እዚህ ድረስ ይሰማል። ልብስ እያጠብኩም ብሆን አባባ መጡ እላለሁ። ጎረቤቶቹም ያውቁታል።»

«ይጮሃል ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«እንዴ፣ አባባ፣ የሚያውቁት መስሎኝ ነዋ። ደግሞ...» በእግሯ መሬቱን ጫረች፤ ድምፅዋ እንደ ልጄ ድምፅ ጫፍ ጫፉ እየጠፋ መጣ፣ ከንፈሯን እያየሁ ነው የለቀምኩት። «ደግሞ ደህና መመለስዎን አውቅበታለሁ። ብቻዎን ስለሚሄዱ።»

አንገቴን ነቅንቄ ገባሁ። ልጅቷ ክፉ አላደረገችም። ሰዓቴን አልጠበቀችም፣ እሱ እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ግን ስሰማት ቅር ያለኝን ያህል ሌላም ነገር ነበረበት፤ እሱን በቃል ማውጣት አልችልም።

እራቴን በልቼ ተቀምጬ አሰብኩ። መኪናዋ ደህና ናት። ልጄ የጠየቀችው መኪናዋን ነው። ነገ ነድቼ አርጆ እገባለሁ፣ ልጄ ቆማ ታየኛለች፣ ፍሬኑ አይጮህም፣ እኔም ፂሜን ተላጭቼ ኮቴን ለብሻለሁ። ምን ጎደለ ትላለች? ቃሏን ትጠብቃለች። ቤቴም መኪናዬም ይቀርልኛል። ስትናገረኝ ያልሰማሁትን ቦታ በሳቅ እሞላዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሞልቼው የለ? ለመካኒኩ አዎ እንዳልኩት ለእሷም አዎ እላለሁ።

«እርስዎም ደህና ከሆኑ» ብላኝ ነበር። ይቺን ቃል ያን እሁድ እንደ ጨዋታ ነው ያለፍኳት። አሁን ግን አላልፍ አለችኝ። እኔ ነኝ ቃል የሰጠሁት፣ መኪናዋ አይደለችም።

ስልኩን አንስቼ ልደውልላት ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ የማልሰማ መሆኔን በማልሰማው ስልክ ልነግራት ነው። ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ሳላውቅ እሺ ብዬ ልዘጋ ነው። ተውኩት። ይሄ ፊት ለፊት፣ ከንፈሯን እያየሁ የሚነገር ነው። መኪናዋን ይዤ ከሄድኩ ደግሞ አፌን አልከፍትም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግቢዋ ውስጥ አቁሜያት፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ስለ ሸራና ስለ ፒን ሳወራ ይመሻል። ሳልነዳ ከደረስኩ በቃላችን መሠረት እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ፤ ይሁን።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮቴን ለብሼ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተውኩና በእግሬ መናኸሪያ ሄድኩ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ሾፌርነት በኋላ የሰው መኪና ላይ ቲኬት ቆርጬ ስሳፈር ያ የመጀመሪያዬ ነው። የት እንደሚቆም እንኳ አላውቅም ነበር፤ ወረፋ ያየሁበት ሁሉ ቆሜ ተመለስኩ። ትክክለኛው መስኮት ላይ ስደርስ «አርጆ፣ አንድ ሰው» አልኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ አንድ ነገር አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ አልመጣም። ከኋላዬ ሰልፉ ተገፋፋ። እንደ ልማዴ አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«የእኔ ልጅ፣ ከፍ አድርገሽ ንገሪኝ» አልኳት። «ጆሮዬ አይሰማም።»

ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ፣ «አባ፣ የመጀመሪያው ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

«እጠብቃለሁ» አልኩና ቲኬቴን ይዤ ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ።